ከዕቃው በፊት ልኬቱ፦ የትንሽ ስፖርት መኪና ሰስፔንሽን ማሻሻል ከምን ይጀምር?

ማዝዳ ኤምኤክስ-5 የተባለችው ባለ ሁለት መቀመጫ ክፍት መኪና እ.ኤ.አ. በየካቲት 1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ለሕዝብ ከቀረበች ወዲህ ባለቤቶቿ አብዝተው ከሚነካኳቸው ክፍሎቿ አንዱ ሰስፔንሽኗ ነው። የመጀመሪያው ሞዴል ከአንድ ቶን በታች የሚመዝን፣ ሞተሩ ከፊት ሆኖ የኋላ ጎማዎችን የሚነዳ፣ ዋጋውም ከሌሎች የስፖርት መኪናዎች ጋር ሲነጻጸር የማይከብድ በመሆኑ ለመማሪያነትም ለመሞከሪያነትም ተመራጭ ሆኗል። የተለመደው የማሻሻያ አካሄድ የታወቀ ነው። ባለቤቱ አጠር ያለና ጠንካራ ሞላ ይገዛል፤ መኪናዋን ዝቅ ያደርጋታል፤ ወፍራም ስታቢላይዘር ባር ይጨምራል፤ በመጨረሻም ጊዜና ገንዘብ ከተረፈው ወደ አላይመንት ይወስዳታል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው የሚል ነው። ሳይለካ በቀረ ሰስፔንሽን ላይ የተጨመረ ዕቃ ምን እንዳሻሻለ ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ከዚህም አልፎ እንዲህ ያለው ሥራ መኪናዋን ከቀድሞው ይልቅ አደገኛ የሚያደርግበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

በቅድሚያ ስለ ቃላቱ ጥቂት ማለት ይገባል። በጋራዥ አማርኛ ሞላ፣ አሞርዛተር፣ ቦኮላና ቸርኬ ከጣልያንኛ ገብተው ቤተኛ ሆነዋል፤ ለዕቃዎቹ ስም አልጠፋም። ዕቃዎቹ እርስ በርሳቸው ለሚኖራቸው አቀማመጥ ግን ይህን ያህል የጠራ ስያሜ የለም። «ጎማ ማስተካከል» ሲባል የጎማውን ክብደት ማመጣጠን ይሁን አቅጣጫውን ማቃናት፣ ብዙ ጊዜ ከአነጋገሩ አይለይም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሦስቱ የታወቁ ስሞች እንዳሉ ተወስደዋል። ካምበር ጎማው ከፊት ለፊት ሲታይ ከቱንቢው መስመር የሚያዘነብልበት ማዕዘን ነው። ካስተር ጎማው በመሪ ሲታዘዝ የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ ጋደል የሚልበት ማዕዘን ነው። ቶ ደግሞ መኪናዋ ከላይ ስትታይ ጎማዎቹ አፍንጫቸውን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዞሩበት ማዕዘን ነው።

የ1989ኙ ሞዴል ንድፍ አውጪዎች አራቱንም ጎማዎች በላይኛውና በታችኛው ክንድ የሚያዝ ሰስፔንሽን ሰጥተዋቸዋል። ከዚህ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ግን ከመኪናዋ ሥር የተደበቀው ነገር ነው። እያንዳንዱ የታችኛው ክንድ ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያዝባቸው ሁለት ብሎኖች ከመሃል ውጭ የተበጀ ክብ አላቸው፤ ብሎኑ ሲዞር የክንዱ እግር በጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ይገባል ወይም ወደ ውጭ ይወጣል። በመላ መኪናዋ ስምንት እንዲህ ያሉ ብሎኖች ይገኛሉ። ከፊት ያሉት ካምበርንና ካስተርን፣ ከኋላ ያሉት ካምበርንና ቶን ለመለወጥ ያገለግላሉ፤ የፊቱ ቶ በመሪው የጎን ዘንጎች ይስተካከላል። ይህ ማለት ባለቤቱ አንድም አዲስ ዕቃ ሳይገዛ የመኪናዋን ጠባይ በጉልህ ሊለውጥ የሚችልበት መሣሪያ ከፋብሪካ ጀምሮ በእጁ አለ ማለት ነው። ብዙው ባለቤት ይህን አያውቅም፤ የሚያውቀውም አይጠቀምበትም።

ላለመጠቀሙ ሁለት ምክንያት ይቀርባል፤ ሁለቱም መሠረት አላቸው። አንደኛው ብሎኖቹ በዕድሜ ብዛት ከቦኮላው የውስጥ ቧንቧ ጋር ዝገው መጣበቃቸው ነው። ሁለተኛው የማዕዘኖቹ መተሳሰር ነው፤ አንዱን ብሎን ማዞር ካምበርንም ካስተርንም ያነቃንቃል፣ ሁለቱ ሲነቃነቁ ቶም ይለወጣል። ስለዚህ ሥራው ካስተርን፣ ከዚያ ካምበርን፣ በመጨረሻ ቶን እያስተካከሉ እንደገና መለካትን፣ ልኬቶቹ እስኪረጉም ድረስ መመላለስን ይጠይቃል። ለአንድ መኪና ግማሽ ሰዓት የመደበ ጋራዥ ይህን ሊያደርገው አይችልም። የሚያደርገው የፊቱን ቶ ብቻ አስተካክሎ መልቀቅ ነው።

የኋላው ቶ ሳይነካ መቅረቱ ቀላል ነገር አይደለም። የኋላ ጎማዎች አፍንጫቸውን ጥቂት ወደ ውስጥ ሲያዞሩ መኪናዋ በቀጥታ መንገድ የረጋች ትሆናለች። ወደ ውጭ ካዞሩ ግን አሽከርካሪው በመታጠፊያ መካከል እግሩን ከነዳጅ መስጫው በድንገት ሲያነሣ ጀርባዋ የመሸሽ ዝንባሌ ያድርባታል። አጭር፣ ቀላልና የኋላ ጎማዎቿን የምትነዳ መኪና ላይ ይህ ዝንባሌ ወደ ሙሉ መሽከርከር ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈልግም። ዝቅ የተደረገች መኪና ደግሞ በክንዶቹ ማዕዘን መለወጥ ምክንያት የኋላ ቶዋም ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ሞላ ቀይሮ የፊቱን ቶ ብቻ ያስተካከለ ሰው፣ ሊያስደነግጠው የሚችለውን ማዕዘን ሳያየው ወደ መንገድ ይወጣል።

የቶን መጠን በቁጥር ማሰብ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ሞዴል 185/60 አር14 ጎማ ይዞ ወጥቷል፤ የዚህ ጎማ የውጭ ስፋት 578 ሚሊሜትር ያህል ነው። በዚህ ስፋት ላይ 0.1 ዲግሪ የቶ ስሕተት በጎማው ፊትና ኋላ መካከል የ1 ሚሊሜትር ልዩነት ይፈጥራል። አንድ ሚሊሜትር የማይረባ ይመስላል። ነገር ግን 0.1 ዲግሪ ከጉዞው አቅጣጫ የወጣ ጎማ በየኪሎ ሜትሩ 1.75 ሜትር ያህል ወደ ጎን ለመሄድ ይሞክራል፤ መኪናዋ ቀጥ ብላ ስለምትሄድ ይህ ሁሉ ጎን ለጎን ጉዞ ጎማውን በማጉበጥና አስፋልቱን በመፋቅ ያልቃል። በአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ ድምሩ ከ1.7 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ውድ ጎማ ገዝቶ አላይመንት የማያስለካ ባለቤት ገንዘቡ የት እንደሄደ ከዚህ ስሌት ሊረዳው ይችላል።

አሁን ወደ ሞላው መምጣት ይቻላል። በሻጮች ዘንድ ሞላ የሚገለጸው በግትርነት ቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መኪናዋ «ስፖርታዊ» እንደምትሆን ይነገራል። ቁጥሩ ግን ብቻውን አሳሳች ነው። ሞላው የተተከለው በክንዱ መካከል እንጂ በጎማው ላይ ስላልሆነ ጎማው የሚሰማው ግትርነት በእንቅስቃሴ ምጣኔው ካሬ ይባዛል። ጎማው 10 ሚሊሜትር ሲነሣ ሞላው 7 ሚሊሜትር ብቻ የሚጨመቅ ከሆነ ጎማው የሚሰማው ግትርነት የሞላው 49 በመቶ ነው። ሁለት መኪናዎች አንድ ዓይነት ሞላ ይዘው ፈጽሞ የተለያየ ጠባይ ሊኖራቸው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሞላው ቁጥር ይልቅ የተሻለው መመዘኛ የመኪናዋ ተፈጥሯዊ ፍሪኩዌንሲ ነው። አንዲት መኪና በ1.5 ኸርዝ የምትወዛወዝ ከነበረ ሞላዎቿ በራሷ ክብደት ብቻ በጎማው ልክ 110 ሚሊሜትር ያህል ተጨምቀዋል ማለት ነው። በ2 ኸርዝ እንድትወዛወዝ ከተፈለገ ግትርነቱ 1.78 ጊዜ መብዛት አለበት፤ የመጨመቁም መጠን ወደ 62 ሚሊሜትር ይወርዳል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያውቀዋል። የሚዘነጋው አሞርዛተሩ ነው። ንዝረትን የማርገብ ምጣኔ በግትርነቱ ካሬ ሥር ስለሚካፈል፣ በቀድሞው አሞርዛተር ላይ አዲሱን ሞላ የጫነ ሰው የማርገብ ምጣኔውን በአንድ አራተኛ ቀንሶታል። አሞርዛተሩ አዲስ ቢሆንም ነገሩ አይለወጥም፤ ብዙ ኪሎ ሜትር የሠራ ከሆነማ ከዚህም ይከፋል። አሽከርካሪው የሚሰማው መንቀጥቀጥ ጥንካሬ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ጎማው ከመንገዱ ጋር ያለውን ግንኙነት እያጣ ነው።

ዝቅ ማድረግም እንዲሁ ከሚታሰበው ያነሰ ይሰጣል፣ ከሚታሰበውም የበለጠ ይወስዳል። የመኪናዋ የስበት ማዕከል ከመሬት 450 ሚሊሜትር ከፍ ያለ ነው ቢባል፣ በ30 ሚሊሜትር ዝቅ ስትደረግ በመታጠፊያ ላይ ከውስጠኛው ወደ ውጨኛው ጎማ የሚዘዋወረው ክብደት በ7 በመቶ ያህል ብቻ ይቀንሳል። በአንጻሩ የክንዶቹ ማዕዘን ሲለወጥ ሮል ሴንተር የሚባለው ነጥብ ብዙውን ጊዜ ከስበት ማዕከሉ ይበልጥ ስለሚወርድ፣ መኪናዋ ወደ ጎን የምታዘነብልበት ክንድ ከማጠር ይልቅ ሊረዝም ይችላል። የበለጠ አሳሳቢው ግን የሞላው የመንቀሳቀሻ ቦታ ነው። ኤምኤክስ-5 ከመነሻዋ ሰፊ የመንቀሳቀሻ ቦታ ያላት መኪና አይደለችም። ዝቅ ስትደረግ በአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ ያለው የላስቲክ መቆሚያ ይቀርባል፤ በመታጠፊያ መካከል አንዲት ጎድጓድ ስትገኝ ሞላው አልቆ ላስቲኩ ሸክሙን ይቀበላል። በዚያች ቅጽበት የዚያ ወገን ግትርነት በድንገት ይዘላል፣ የክብደት ዝውውሩ ወደዚያው ይሄዳል፣ የውጨኛው ጎማ የመያዝ አቅም ያልቃል። ይህ ከኋላ ከሆነ አሽከርካሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ጀርባዋን ያጣታል። መኪናዋ በዝግታ ስትነዳም ሆነ ቆማ ስትታይ ከዚህ የሚታወቅ ምልክት የለም፤ ያማረች ትመስላለች።

ግትርነት ከአያያዝ ጋር አንድ እንዳልሆነ ከታሪክ ማሳያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣችው ሎተስ ኢላን 700 ኪሎ ግራም እንኳ የማትሞላ መኪና ነበረች፤ የኤምኤክስ-5 ሠሪዎችም ከተመለከቷቸው የቀድሞ መኪናዎች አንዷ ናት። የሎተስ መሥራች ኮሊን ቻፕማን የመረጠው ለስላሳ ሞላን፣ ረዘም ያለ መንቀሳቀሻንና በጥንቃቄ የተመረጠ አሞርዛተርን ነበር። የማክላረን ኤፍ1 ንድፍ አውጪ ጎርደን ሙሬይ የኢላንን መሪ ከምርጦች መካከል አድርጎ በአደባባይ ያወድሳል። ለስላሳ ሞላ ይዛ ይህን ስም ያገኘችው ጎማዎቿ ከመንገዱ ጋር ትክክለኛውን ማዕዘን ይዘው እንዲቆዩ ስለተደረገ ነው።

እንግዲህ የማሻሻያው መነሻ ምን ይሁን? ሠላሳ ዓመት ባለፋት መኪና ላይ መልሱ ቦኮላ ነው። የላስቲክ ቦኮላ ሲያረጅ ክንዱ በጭነት ጊዜ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ቆማ የተለካችው መኪናና በመታጠፊያ ላይ ያለችው መኪና ሁለት ልዩ ልዩ መኪናዎች ይሆናሉ። ስለዚህ ቦኮላው ሳይታደስ የሚደረግ አላይመንት በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ቁጥር ነው። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚፈጸም አንድ ስሕተት አለ። የፋብሪካው ቦኮላ ላስቲኩ ከውስጡም ከውጩም ብረት ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ክንዱ ሲነሣና ሲወርድ ላስቲኩ ራሱ ይጠመዘዛል። ባለሙያው መኪናዋ በክሪክ ላይ ተንጠልጥላ ሳለች ብሎኖቹን ካጠበቀ ላስቲኩ በተንጠለጠለው አቋም ይታሰራል፤ መኪናዋ ስትወርድ ሳያቋርጥ ተጠምዝዞ ይኖራል፣ ቁመቷም ከሚገባው ከፍ ብሎ ይቆያል፣ ላስቲኩም ቶሎ ይቀደዳል። ብሎኖቹ መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናዋ በራሷ ክብደት በጎማዎቿ ቆማ ነው። ላስቲኩን በፖሊዩሪቴን ቦኮላ የሚተኩ ብዙዎች ናቸው፤ ይህ መንሸራተቱን ይቀንሳል፣ ነገር ግን በደንብ ካልተቀባ ክንዱን ይይዘዋል። የተያዘ ክንድ ደግሞ እንደ ተጨማሪ ሞላ ይሠራል፣ እንዲያውም ማንም ያልመረጠው ሞላ ነው።

ልኬቱን በተመለከተ ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። ሁለት ሲባጎ ከመኪናዋ መሃል መስመር ጋር ትይዩ ሆኖ በግራና በቀኝ ከተወጠረ፣ ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የፊትና የኋላ ጠርዝ ያለው ርቀት ቶን ይሰጣል። በዚህች መኪና የኋላ ጎማዎች እርስ በርስ ያላቸው ርቀት ከፊቶቹ ከአንድ ሳንቲሜትር በላይ ስለሚሰፋ ሲባጎውን ከአራቱም የጎማ እምብርቶች እኩል ማራቅ ስሕተት ነው፤ ልዩነቱ በሁለቱ ወገን ተከፍሎ መታሰብ አለበት። ለካምበር ቱንቢ ወይም የማዕዘን መለኪያ ይበቃል። መሬቱ ግን ይጠራጠሩታል። በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል የወለሉ ከፍታ በ5 ሚሊሜትር ከተለያየ የካምበሩ ንባብ በ0.2 ዲግሪ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ዝቅ ባለው ወገን ጎማ ሥር ስስ ንጣፍ እያስገቡ በውሃ ልክ ማስተካከል ከሁሉ ይቀድማል። መኪናዋ ከክሪክ ስትወርድም ጎማዎቹ መሬቱን ስለሚቆነጥጡ ክንዶቹ ወደ ትክክለኛ ቦታቸው አይመለሱም፤ ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ካልተገፋች ልኬቱ የተዛባ ይሆናል።

የአሽከርካሪው ክብደትም አይዘለልም። 950 ኪሎ ግራም በምትመዝን መኪና ውስጥ የ75 ኪሎ ግራም ሰው 8 በመቶ ያህል ነው፤ ያውም በአንድ ወገን የተቀመጠ። በከባድ መኪና ላይ የማይታይ ልዩነት እዚህ ቁመትንም ካምበርንም ያነቃንቃል። በመቀመጫው ላይ የአሽከርካሪውን ያህል ክብደት አስቀምጦ መለካት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ባዶዋን ለክቶ ሰው ጭኖ መንዳት ለሌላ መኪና ልብስ እንደ መስፋት ነው።

በዚህ አቋም ላይ የሚነሣው ዋና ተቃውሞ ዘመናዊ የአላይመንት ማሽኖች ይህን ሁሉ ያለ ሲባጎ ይሠሩታል የሚል ነው። ማሽኖቹ ጥሩ ናቸው፤ ችግሩ በአጠቃቀማቸው ላይ ነው። የማሽኑ መስኮት አረንጓዴ ሲያሳይ ሥራው አለቀ ይባላል። አረንጓዴው ግን የሚናገረው ልኬቱ በተፈቀደው ገደብ ውስጥ መሆኑን ብቻ ነው። ገደቡ በሁለቱም አቅጣጫ 0.75 ዲግሪ ቢሆን ግራው በአንዱ ጫፍ፣ ቀኙ በሌላው ጫፍ ሆነው በ1.5 ዲግሪ እየተለያዩ እያንዳንዳቸው አረንጓዴ ሊሆኑ ይችላሉ። ገደቡም የተወሰነው ለፋብሪካው ቁመትና ለፋብሪካው ሞላ ነው፤ 30 ሚሊሜትር ዝቅ ለተደረገች መኪና ያ አረንጓዴ ትርጉሙ ደብዝዟል። ባለቤቱ ከጋራዥ ሲወጣ ሊጠይቅ የሚገባው የቀለሙን ስም ሳይሆን ከሥራው በፊትና በኋላ የተመዘገቡትን ቁጥሮች ነው።

ሌላው ተቃውሞ የአሽከርካሪው ስሜት በቂ ዳኛ ነው የሚል ነው። ስሜት ዋጋ የለውም ማለት አይቻልም፤ የስፖርት መኪና የሚገዛው ለስሜት ነውና። ሆኖም ባለቤቱ ሞላን፣ አሞርዛተርን፣ ጎማንና አላይመንትን በአንድ ቅዳሜ ቀይሮ መኪናዋ ተሻለች ሲል፣ ምናልባት ያሻሻላት በመጨረሻ የተስተካከለው ቶ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሞላው ምናልባት ጎድቷት ይሆናል። ገንዘብ ያወጣበትን ዕቃ የሚያሞግስ ጆሮና እጅ ገለልተኛ ምስክር አይሆኑም።

ይህ ነገር የግል ባለቤቶች ጉዳይ ብቻ ቢሆን በምርምር መጽሔት ላይ ቦታ ባልተገባው ነበር። ነገር ግን ያው ልማድ በተሽከርካሪ ምሕንድስና የድኅረ ምረቃ ሥራ ውስጥም ይታያል። ስለ ሰስፔንሽን የሚሠሩ ጥናቶች የሞላውንና የአሞርዛተሩን ግትርነት በኮምፒውተር አስልተው የተሻለውን ጥምረት ያቀርባሉ፤ ጎማዎቹ በሞዴሉ ውስጥ ፍጹም ቀጥ ያሉ፣ ቦኮላዎቹም የማይንሸራተቱ ተደርገው ይወሰዳሉ። በእውነተኛ መኪና ላይ ሙከራ ሲደረግም የአላይመንቱ ሁኔታ ሳይገለጽ የሚታለፍበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ሙከራ በሞላ ለውጥ የመጣውን ውጤት ከቶ ለውጥ ለይቶ ማሳየት አይችልም፤ ሌላ ተመራማሪ ሊደግመውም አይቻለውም። ስለዚህ ማንኛውም የሰስፔንሽን ሙከራ ዘገባ ቢያንስ የአራቱን ጎማዎች ካምበርና ቶ፣ የፊቱን ካስተር፣ በየጎማው የተለካውን ቁመት፣ የጎማ ነፋስ ግፊትንና በመኪናዋ ውስጥ የነበረውን ክብደት፣ ከእያንዳንዱ ልኬት የስሕተት መጠን ጋር፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ ሊይዝ ይገባዋል። ይህን የማያካትት ጽሑፍ ለኅትመት ሲቀርብ ገምጋሚው ሊመልሰው መብቱ ነው።

ለባለቤቱ ግን ሥራው የሚጀምረው ከዚህ ዝቅ ብሎ ነው። ስምንቱ ብሎኖች ይታያሉ፤ የነበሩበት ቦታ በቀለም ይመለከታል፤ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይቀባና ጥቂት ቀን ይጠበቃል። ያልተላቀቀው ተቆርጦ በአዲስ ይተካል፣ ቦኮላውም አብሮ ይታደሳል። ከዚያ በፋብሪካው ሞላ ላይ አላይመንቱ ይሠራል፣ ቁጥሮቹ ይመዘገባሉ፣ መኪናዋም ለጥቂት ሳምንታት ትነዳለች። ጠንካራ ሞላ ከዚያ በኋላም ካስፈለገ ከሚመጥነው አሞርዛተር ጋር ይገባል፤ ሞላው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሄዶ ቁመቱ ሲረጋ ሁሉም እንደገና ይለካል።